ስለ መግባትና ስለ መግጠም

በአማርኛችን «ገባ» እና «ገጠመ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። በየዕለቱ ንግግር አንዱ በሌላው ስፍራ ሲነገር እንሰማለን፤ ነገር ግን ፍቺያቸው አንድ አይደለም። ቁልፍ ወደ ጓጉንቸር ይገባል፤ ካልዞረ ግን አልገጠመም። ክዳን በማሰሮ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ማሰሮው ዘንበል ሲል የሚያፈስ ከሆነ ግን አልገጠመም። ባለቅኔዎቻችን የሚደርሱትን «ግጥም» ብለው የጠሩትም ቃሉ ከቃሉ፣ ቤቱ ከቤቱ እየተገናኘ ስለሚሄድ ነው እንጂ ቃላቱ በወረቀቱ ላይ ስለ ገቡ ብቻ አይደለም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ያስቀደምሁት ሰዋስው ላስተምርህ ብዬ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዋስውን በእግሬ ለተተኩት መምህራን ትቻለሁ። ልጽፍልህ የፈለግሁት ስለ ዶቅዶቄ ነው፤ እናንተ ዛሬ በአጭሩ «ሞተር» ስለምትሉት። ከሞተርም ስለ ፊት ጎማውና ስለ ፊት ፍሬኑ ብቻ ነው። ነገሩ ለመጽሐፍ የማይበቃ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይህ ይሆናል። ታገሠኝ።

በጂንካና በደቡብ ኦሞ አገር ሞተር የተሸከመው ሸክም ብዙ ነው። ወደ ጋዘር፣ ወደ ቀይ አፈር፣ ወደ ዲመካ፣ ወደ ቱርሚ፣ ከዚያም ከዋናው መንገድ ወደ ተገነጠሉት መንደሮች መኪና የማይደፍረውን የእግር መንገድ ሞተር ይደፍረዋል። ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን አድርጎ የሚሄደው ጤና ሠራተኛ፣ የከብት ሐኪሙ፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ርእሰ መምህሩ፣ ወንጌላዊው፣ ዛሬ ደግሞ ከገበያ ወደ ገበያ ሰው እያመላለሰ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወጣት፣ የሁሉም ኑሮ በሁለት ጎማ ላይ ነው። በልጅነታችን ግን ሞተር የምናየው በሚሲዮን ግቢና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ብቻ ነበር። ድምፁን ከሩቅ ሰምተን የማን ሞተር እንደ ሆነ እንወራረድ ነበር።

እነዚያ አሮጌ ሞተሮች ዛሬም ጨርሰው አልሞቱም። መሥሪያ ቤቱ «አገልግሎቱን ጨርሷል» ብሎ በጨረታ ያወጣዋል፤ አንዱ ይገዛዋል፤ እርሱም ለሌላ ይሸጠዋል። አንዱ ሞተር ፊቱ ተሰብሮ ልቡ ደኅና ነው፤ ሌላው ልቡ ነድዶ ፊቱ ደኅና ነው፤ ከሁለቱ አንድ ይወጣል። መለዋወጫ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው፤ ይህም ከጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ነው። ሞዴሉ የቆየ ከሆነ እዚያም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ዓመት ዕቃ ከሌላው ዓመት ዕቃ ጋር ማዳቀል የስንፍና ሥራ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልስማማም። የሩቅ አገር ሰው ብልሃት ነው። ያለቀ ጎማ በረባሶ ሲሆን የስንት ዓመተ ምሕረት ምርት እንደ ነበረ ማን ይጠይቃል? የጥይት ቀለህ በአንገት ላይ ጌጥ ሲሆን፣ የሰዓት ማሰሪያ በክንድ ላይ አምባር ሲሆን በገበያችን እናያለን። አንድን ዕቃ ከተሠራበት ሥራ አውጥቶ ለሌላ ሥራ ማዋል በእኛ አገር የታወቀ ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ በረባሶ ቢበጠስ ቀሪው መንገድ በባዶ እግር ይኬዳል፤ ከዚያ የከፋ ነገር የለውም። የፊት ፍሬን እንደዚያ አይደለም።

የፊት ፍሬን ምን እንደሚሠራ ብዙ ነጂዎች አያውቁም። ሞተር ፍሬን ተይዞ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጫናል፤ አህያ ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቷ ወደ አንገቷ እንደሚንሸራተት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የኋላው ጎማ መሬቱን የሚጫነው በጥቂቱ ስለሆነ አጥብቀህ ብትይዘው ይንሸራተታል እንጂ ብዙ አያቆምህም። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ፊተኛው ነው። በየመንደሩ «ፊተኛውን ፍሬን አትንካ፤ ይገለብጥሃል» የሚል ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ወይም በጭቃ ላይ ለሚነዳ ሰው ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። በአስፋልት ቁልቁለት ላይ ግን ይህን ምክር የያዘ ሰው የማቆሚያ ኃይሉን ትልቅ ክፍል ቤቱ ትቶ የወጣ ነው። እንደ እኔ ግምት ምክሩ ራሱ የተወለደው ከተዳቀሉ ፍሬኖች ነው፤ አንድ ቀን የሚለቅ፣ አንድ ቀን ያለ ልክ የሚነክስ ፍሬን ያየ ሰው ቢፈራው አይፈረድበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጎማው እምብርት፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት ውስጥ፣ እንደ ከበሮ ክፍት የሆነ ብረት አለ፤ ታንቡር ይባላል። ይህ ከጎማው ጋር ይዞራል። በታንቡሩ አፍ ላይ የማይዞር ክዳን ይቀመጣል፤ በክዳኑም ላይ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ጨረቃ መሰል ብረቶች አሉ። እጀታውን ስትጨብጥ ሽቦው ይሳባል፤ ሁለቱ ሸራዎች ተከፍተው ታንቡሩን ከውስጥ ይጫኑታል። ልብ በል፤ ክዳኑ አይዞርም ብያለሁ። እንዳይዞር የሚያደርገው ምንድን ነው? በፎርኬታው እግር ላይ ያለች አንዲት የብረት ጉጥ ናት። ጉጧ በክዳኑ ላይ በተቆረጠ ሰርጥ ውስጥ ትገባለች፤ የጎማው ጉልበት ሁሉ በፍሬን ጊዜ በእርሷ ላይ ያርፋል። መጠኗ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ ዓመታቱ ልምጣ። ፋብሪካዎች የአንድን ሞተር ስም ለብዙ ጊዜ ይይዙታል፤ አካሉን ግን እያደር ይለውጡታል። በእንግሊዝ አገር ትሪያምፍ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ቦንቪል የሚባል ሞተር አወጣ። እስከ 1967 ድረስ ከፊት ፍሬኑ ሁለት ሸራዎች በጎማው ዙር እየተሳበ ራሱን የሚያጠብቀው አንዱ ብቻ ነበር። በ1968 ሁለቱም እንዲያጠብቁ ተደረገ። በ1969 የሽቦው አሳሳብ ተለወጠ። በ1971 ፎርኬታውም ሞዞውም ተለውጠው ሾጣጣ ሞዞ መጣ። በ1973 ደግሞ ታንቡሩ ቀርቶ ዲስክ ሆነ። ይህ ሁሉ በ6 ዓመት ውስጥ ነው! በቤንዚን ቋቱ ላይ የተጻፈው ስም ግን ከዳር እስከ ዳር ቦንቪል ነው። እነዚህን አሮጌ ሞተሮች የሚጠግኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ የየትኛው ዓመት ክዳን ከየትኛው ዓመት ፎርኬታ ጋር እንደሚሄድ ሲከራከሩ ይኖራሉ።

ጃፓኖቹም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ሲቢ 750 ላይ የዲስክ ፍሬንን በብዛት ለሚመረት ሞተር አበቃ፤ በ1976 ለታዳጊ አገሮች አስቦ ያወጣው ሲጂ 125 ግን በታንቡር የሚቆም ነበር። የያማሃ ዲቲ 125 በ1970ዎቹ ዓመታት ታንቡር ነበረው፤ በ1988 የወጣው ዲቲ 125 አር ዲስክ አለው። ሁለቱም «ዲቲ» ናቸው፤ ገበያ ላይ ስማቸውን ብቻ የሚጠራ ሰው የትኛውን እንደሚያገኝ እግዚአብሔር ይወቀው። በእኛ አገር ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ይጨመራል። ፋብሪካው 1988 ሲል በእኛ 1980 ነው። ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ያነበዋል። «የ88 ሞዴል ፍሬን ላክልኝ» ብሎ ወደ ሶማሌ ተራ የሚደውል ሰው ስምንት ዓመት የሳተ ዕቃ ተጠቅልሎ ቢመጣለት ላኪውን ሌባ ማለት የለበትም።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚያስተምሩን አንድ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። የወር ደመወዛቸው ምን ያህል እንደ ነበር አላውቅም፤ ልብሳቸው ግን ሁልጊዜ ዘይት ነበረበት። ከሞተር የሚፈቱትን ቡሎንና ዳዶ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ፤ በቆርቆሮው ላይ የሚጽፉት ዓመቱን ሳይሆን የሻንሲውን ቁጥር ነው። የመለዋወጫ መዝገባቸውን ገልጠው አሳይተውናል። በያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ «ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር» የሚል ተጽፎ ነበር። አንድ ሞተር በአንድ ዓመት ተሠርቶ በሌላው ሊሸጥ፣ በሦስተኛው ሊመዘገብ ይችላል፤ በብረቱ ላይ የተቀጠቀጠው ቁጥር ግን አይናወጥም። አማርኛቸው ደካማ ነበር፤ ሆኖም አንድ ልጅ ዕቃ ሰክቶ «ገባ!» ብሎ ሲጮህ ሁልጊዜ «ገባ፤ ከዚያስ?» ይሉት ነበር።

ሁሉም ማዳቀል አደጋ እንዳልሆነ ያስተማሩንም እርሳቸው ናቸው፤ ለዚህም ኩሽኔታን ይጠቅሱ ነበር። ኩሽኔታ ጎማው በፔርኖው ላይ ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ነው። በጠርዙ ላይ 6301 የሚል ቁጥር ካለበት ከጃፓን ይምጣ ከስዊድን፣ ከሕንድ ይምጣ ከቻይና፣ ቀዳዳው 12፣ የውጭ ስፋቱ 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6302 ከሆነ 15፣ 42 እና 13 ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ቀዳዳውን ይነግሩሃል፤ 00 ማለት 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ነው፤ ከ04 ጀምሮ በ5 እያባዛህ ትሄዳለህ። ይህ ትንሽ ሒሳብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ተያይተው የማያውቁ፣ ቋንቋቸውም የማይገናኝ ሰዎች በአንድ ልክ ተስማምተው ቃላቸውን ጠብቀውበታል። ስለዚህ የኩሽኔታን ዓመት መጠየቅ አያስፈልግህም፤ ቁጥሩን ጠይቅ። እንዲሁም ካመነዳሪ፣ ጎማ፣ ርዝመቱ ልክ የሆነ ራጂ፣ እነዚህን ያለ ፍርሃት ታዋውሳቸዋለህ።

ነገር ግን 6201 የሚል ደግሞ አለ። የዚህም ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጭ ስፋቱ ግን 32 ነው። ፔርኖው ያልፍበታል፤ ሞዞው ውስጥ ግን የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። አንዳንዱ መካኒክ የወተት ቆርቆሮ ቆርጦ ይጠቀልልበትና በመዶሻ መትቶ ያስገባዋል። ይገባል! ጎማውም ይዞራል። ከዚያ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ የሚያውቀው ቆርቆሮው ነው።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የምትቀመጥ አንዲት ቧንቧ ደግሞ አለች፤ ብዙ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። ከሌላ ዓመት ሞዞ የመጣች፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ያጠረች እንደ ሆነ፣ የፔርኖውን ዳዶ ስታጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ወደ ውስጥ ተስበው በጎናቸው ይጨነቃሉ። ምልክቱን ልንገርህ፤ ዳዶው ሳይጠብቅ በነፃ ይዞር የነበረ ጎማ ዳዶው ሲጠብቅ ከከበደ፣ ጥፋቱን ከኩሽኔታው አትፈልግ፤ ቧንቧዋን ለካት።

ስለ ሸራውና ስለ ታንቡሩ የማውቀውን ያህል ከመጽሐፍ አልተማርሁትም፤ ከቀድሞ ተማሪዬ ነው። ይህ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ትቶ ከገበያው በስተኋላ በቆርቆሮ ዳስ ሞተር መጠገን ጀመረ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ጠመኔ ይስጡኝ» አለኝ። ሊማር የተመለሰ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለፍሬን ነው የፈለገው። ሸራውን ሁሉ ጠመኔ ይቀባዋል፤ ክዳኑን ገጥሞ ጎማውን እያዞረ ፍሬኑን በቀስታ ይይዛል፤ ከዚያ ፈትቶ ያያል። ጠመኔው የተፋቀበት ስፍራ ሸራው ታንቡሩን የነካበት ነው። መካከሉ ብቻ ተፍቆ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ የሸራው ክብ ከታንቡሩ ክብ ያንሳል፤ ይህ ፍሬን ደካማ ነው። ዳርና ዳሩ ተፍቆ መካከሉ ነጭ ከሆነ፣ ሸራው ከታንቡሩ ይሰፋል፤ ይህ ደግሞ ድንገት የሚነክስ ነው። በታንቡሩ ውስጥ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥርም አለ፤ 110 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሠራ ታንቡር 111 እስኪሆን ድረስ ብቻ እንዲያገለግል በጃፓን ሞተሮች ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። አንድ ሚሊ ሜትር ናት የተፈቀደችው። ለዚያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ስንት ጠመኔ እንደ ሰጠሁት አልቆጠርሁም።

በዲስክ ፍሬን ላይ ብዙ አልቆይም። እጀታው ላይ ያለው ፖምፓና ታች ያለው መያዣ በልክ የተጣመሩ ናቸው፤ ፖምፓው ትንሽ፣ መያዣው ትልቅ ከሆነ እጀታው እስከ መጨረሻ ይገባል፤ ተቃራኒው ከሆነ እንደ እንጨት ይደርቃል። ፖምፓው ውስጥም ተራ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው የጎማ ቀለበቶቹን ያሳብጣቸዋል። ይህ ይበቃል።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር አሁን ልንገርህ። ያ ጠመኔ የሚወስደው ልጅ በጨረታ ከወጡ ሁለት ሞተሮች አንዱን ሠራ። ስማቸው አንድ፣ ዓመታቸው ግን የተለያየ ነበር። ፎርኬታው ከቀደመው፣ የፊት ጎማውና የፍሬኑ ክዳን ከኋለኛው ሆነ። ፔርኖው ልክ መጣ፤ ኩሽኔታው ልክ መጣ፤ ሸራውም በጠመኔ ተፈትኖ አለፈ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የኋለኛው ክዳን ሰርጥ ከቀደመው ፎርኬታ ጉጥ ይሰፋ ነበር። ልጁ አንዲት የብረት ቁራጭ በሞረድ አስተካክሎ በክፍተቱ ውስጥ ሸጎጣት። ሁለት ዓመት ሙሉ ነዳው። ከዚያ አዲስ ቀለም ቀብቶ ከወይጦ ለመጣ ወጣት ሸጠው።

ወጣቱ በአንድ ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ እናቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ወይጦ ቆላ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ አይቶ ሁለቱንም ፍሬኖች አጥብቆ ያዘ፤ ማድረግ የሚገባውም ይህንኑ ነበር። የብረቷ ቁራጭ ግን በመንገዱ መንቀጥቀጥ ከወደቀች ሰንብታለች። ክዳኑ በሰርጡ ክፍተት ልክ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ ጉጧን ሲመታት ኖሮ፣ በዚያች ቀን ቆረጣት። ክዳኑ ከጎማው ጋር ዞረ፤ ሽቦውን ጠመጠመው፤ ሽቦው በተጠመጠመ መጠን ፍሬኑ ጠበቀ፤ የፊት ጎማው ቀጥ አለ። ወጣቱ የእጁ አንጓ ተሰበረ። እናቱ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከዚያ በፊት በራሳቸው እግር ገበያ ለገበያ እየዞሩ ቅመምና ቡና የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ዛሬ በምርኩዝ ከቤት እስከ ደጅ ይወጣሉ።

ነገሩ በሽማግሌ እንዲያልቅ ሁለቱም ወገን ስለ ተስማሙ አምስት ሰዎች ተቀመጥን። እኔን የጠሩኝ ሁለቱንም ወገን ስለማውቅ ነው። መካኒኩ የተቆረጠችውን ጉጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ በመካከላችን አስቀመጣት።

«ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል፣ ሁለቱም ዕቃ ኦሪጅናል ነው» አለ። «ፎርጅድ የለበትም። ፎርኬታውም የፋብሪካው፣ ክዳኑም የዚያው ፋብሪካ ነው።»

እውነቱን ነበር። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይህ ነው። ፎርኬታው ብቻውን ሲታይ ነቀፋ የለበትም፤ ክዳኑም ብቻውን ነቀፋ የለበትም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወጣቱን ሲገዛ ለምን እንዳልመረመረ ጠየቁትና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ። ይህ ተረት በስፍራው ጥሩ ተረት ነው፤ በዚያ ቀን ግን አልወደድሁትም። ጎማው ካልወረደ ሰርጡ አይታይም፤ ገዢ ሁሉ መፍቻ ይዞ ወደ ገበያ አይሄድም። ማየት የማይችለውን ሰው ለምን አላየህም ማለት ሸክሙን ከሚችለው ወደማይችለው ማዛወር ነው። ይህንንም ተናገርሁ። ወጣቱ ግን ራሱን አቀርቅሮ «ቀለሙ አዲስ ነበር» ብቻ አለ።

ከመካከላችን አንድ በዕድሜ የገፉ የአሪ ገበሬ ነበሩ። በሞተር ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ከሰዓቱ ግማሽ ያህል አንዲት ቃል አልተናገሩም። በመጨረሻ ወደ መካኒኩ ዞረው «አንተ ሁለት ዓመት ስትነዳው አልወደቅህም አልህ። እንዴት ነበር የምትነዳው?» አሉት።

«ፊተኛውን ቀስ እያልሁ ነበራ የምይዘው፣ አባቴ። ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ በየጊዜውም እያየሁ አጠብቀው ነበር።»

«ታዲያ ቀስ ማለቱንስ አብረህ ሸጥህለት?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ስለ ሐቀኝነት እንደዚያች ጥያቄ አጥርቶ የነገረኝ አላገኘሁም። ልጁ አልዋሸም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ የደበቀውም ነገር ያለ አልመሰለውም። ነገር ግን ያ ሞተር በእርሱ እጅ ሳለ የጎደለውን የሚሞላለት የእርሱ ዕውቀት ነበር። ያቺን የብረት ቁራጭ በስፍራዋ የያዛት መሸጎጧ አልነበረም፤ የእርሱ መጠንቀቅ ነበር። ሞተሩ እጅ ሲለውጥ ዕውቀቱ ከቆርቆሮው ዳስ ቀረ፤ አዲሱ ነጂ የገዛው ግማሹን ነው። ማዳቀሉን አልነቅፈውም፤ ዛሬም አልነቅፈውም። የተዳቀለው ነገር ድፍን ሆኖ መሸጡ ነው ሰው የሰበረው።

የሕክምናውን ወጪ መካኒኩ እንዲችል፣ ሞተሩንም መልሶ ዋጋውን እንዲሰጥ ተፈረደ። በየወሩ እየቆጠበ ከፈለ፤ ጨርሶ እስኪከፍል አንድ ዓመት ከአምስት ወር ፈጀበት። እናትየው በዕርቁ ቀን እጁን ሲስም አልከለከሉትም፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም፤ እስከ ዛሬም በዚያ ዳስ አጠገብ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ ይባላል። እኔ ይህን አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ አንድ ደብተር ጀመረ። እኔ የሰጠሁት ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ አሳቡ ግን የራሱ ነው። ለሚሠራው ሞተር ሁሉ አንድ ገጽ አለው። ከላይ የሻንሲው ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ ምን ከምን እንደ መጣ በተርታ ይከተላል፤ «ሞዞ ከሌላ ሻንሲ፤ ኩሽኔታ 6301 አዲስ፤ ቧንቧ በቶርኖ የተቆረጠች፤ ሰርጥና ጉጥ በልክ፣ ሽጉጥ የለበትም» እያለ ይጽፋል። ልኩ ያልመጣለትን ሰርጥ ዛሬ አይሸጉጥም፤ ወይ የዚያኑ ዓመት ክዳን ይፈልጋል፣ ወይ ሞተሩን ቁራጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የአማርኛው ፊደል አጣጣል አሁንም ደካማ ነው፤ «ሰርጥ»ን በ«ሠ» ይጽፋታል፤ አላረምሁትም። ገጹን ሁለት ጊዜ ይጽፈውና አንዱን ቀድዶ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጣል።

ይህ ገንዘብ አላመጣለትም። ከገበያው ማዶ ያሉት መካኒኮች እንዲህ ያለ ወረቀት አይሰጡም፤ የእነርሱ ሞተር ሁሉ «ድፍን ኦሪጅናል» ነው። ገዢ ወረቀቱን ሲያነብ «የፊት ሞዞ ከሌላ» በሚለው ላይ ጣቱን ያስቀምጥና ዋጋ ይቀንሳል፤ አንዳንዱም አንብቦ ወደ ማዶ ይሻገራል። ባለፈው ጥቅምት ከዲመካ የመጣ አንድ ሰው እንዲሁ አነበበና ለረጅም ጊዜ ቆመ። ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎማው ወርዶ እንዲያይ ጠየቀ። ልጁ ፔርኖውን መዝዞ ጎማውን አወረደ፤ ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ጉጧን በሰርጡ እያስገቡ፣ እያወጡ፣ በጣታቸው እየነካኩ ቆዩ። ቀጥሎ ሰውየው ስለ ሸራው ጠየቀ። በዳሱ ውስጥ ጠመኔ አልቆ ስለ ነበር ረዳቱን ወደ ቤቴ ላኩት።